የዓርቡ ፊርማ

ጋሽ ተድላ እንደሚሉት ከሆነ ባትሪዋን ዓርብ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጃቸው ቀይረዋታል። አሮጌዋን ነቅለው አዲሷን ሰክተዋል፤ ቀይዋ መብራት ስትጠፋ ቆመው አይተዋል፤ ቀኑን ስቲከር ላይ ጽፈው በሩ ላይ ለጥፈዋል፤ ወረቀቱንም ፈርመዋል። «ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራው የኖርኩትን ነው የሠራሁት» አሉ።

ሰርክአዲስ እንደምትለው ደግሞ ቀይዋ መብራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደበራች ነበረች። የኤሌክትሪክ ሳጥኑ በር ላይ መዳፍ የምታክል መስታወት አለች፤ የዱቄት ብናኝ ስለሚሸፍናት ሰርክአዲስ በየቅዳሜው በደረቅ ጨርቅ ትወለውላታለች። የዚያን ዕለት ብናኙን ጠረግ ስታደርግ መብራቷ ከውስጥ ፍጥጥ ብላ ጠበቀቻት። «ያላየሁትን አየሁ አልልም፤ ያውም በቅዳም ሹር!» አለች።

ሁለቱም በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ በሰው ዘንድ ቃላቸው የሚታመን ሰዎች ናቸው። ወይ አንዳቸው ይዋሻሉ፣ ወይ ደግሞ በዓርብና በቅዳሜ መካከል የሆነ ነገር ተፈጥሯል። የቱ እንደሆነ አጣርቶ እስከ ሐሙስ ምሳ ሰዓት እንዲጽፍ የታዘዘው ቅዱስ ነበር።

ቅዱስ የዳቦ ፋብሪካው የጠዋት ሺፍት ኤሌክትሪሺያን ነው። ካልጋሪ የመጣው በአሥር ዓመቱ ከእናቱ ጋር ነው። ኮሌጅ ገብቶ ሙያውን ሲማር፣ የተግባሩን አራት ዓመት ያሳለፈው በጋሽ ተድላ እጅ ሥር ሆኖ ነበር። ሽቦ እንዴት እንደሚላጥ፣ ኃይል ያለበት ሳጥን ሲከፈት የትኛው እጅ ኪስ ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የጥገናው ማኔጀር ዳረን ቢሮው ጠርቶ «በቋንቋችሁ ብታናግራቸው ለአንተ የሚነግሩህ ነገር ይኖራል» ሲለው ሥራውን አልወደደውም። እምቢ ለማለት ግን ምክንያት አላገኘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሊጥ ማቡኪያዎቹን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ ያረጀ ዕቃ ነው። ስንት ዱቄት፣ ስንት ውኃ፣ ስንት ደቂቃ የሚለውን ሁሉ የሚያስታውሰው ኃይል እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ትዝታውን የምትጠብቅለት አውራ ጣት የምታህል ባትሪ ውስጡ አለች። ባትሪዋ ስትደክም ቀይ መብራት ይበራል። ባለፈው ሐሙስ በራ። እሑድ ደግሞ የመብራት ኃይል ሰዎች ትራንስፎርመር ሊቀይሩ ለሰፈሩ ሁሉ ኃይል እንደሚያቋርጡ ቀድመው አስታውቀዋል። ዳረን አዲስ ባትሪ አዘዘ፤ ዓርብ እንደደረሰች እንድትቀየር በጋሽ ተድላ ስም የሥራ ወረቀት ቆረጠ።

ሰኞ ጠዋት ኃይል ተመለሰ። መቆጣጠሪያው ግን ራሱን ስቶ የነቃ ሰው ይመስል ምንም አያውቅም። ማቡኪያዎቹ ዝም፤ ምድጃው ባዶውን ጋለ። ከኤድመንተን ከተማ ባለሙያ ተጠርቶ፣ አሮጌ የፕሮግራም ቅጂ ተፈልጎ፣ ጉድለቱ በእጅ እየተሞላ ሁለት ቀን አለፈ። ታንከር ሙሉ እርሾ ኮምጥጦ ወደ ፍሳሽ ተለቀቀ። ሰውየው ሳጥኑን ሲከፍተው የባትሪዋ ሶኬት ከቦታው አፈንግጦ፣ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ወጥቶ ነበር የተገኘው።

ዳረን የራሱ መልስ አለው። «ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል» ይላል። «ተድላ ዓርብ በትክክል ሰካው፤ መብራቷ ጠፋች። ቅዳሜ የጽዳት ሠራተኞቹ በፕሬዠር ማሽን ሲያጥቡ ውኃው ሳጥኑን መታው፤ ሶኬቱ ላላ፤ መብራቷ መልሳ በራች። እሷም አየቻት። ክረምት ላይ እኮ ሞተር አርሰው ነበር፤ ታስታውሳለህ።» ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሁለቱን አስቀምጦ ሊሰማ ነው። ጥፋቱ የውኃ ከሆነ በውጭ የጽዳት ኩባንያ የተቀጠረችው የቡድኑ መሪ ሰርክአዲስ ትባረራለች።

ሰርክአዲስ ደግሞ ወረቀቷ ገና ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዋ የቆመው በዚህ ሥራ ላይ ነው፤ ሥራው ከሄደ ፋይሉም አብሮ ይሄዳል፤ ፋይሉ ከሄደ እሷም ትሄዳለች። በፋብሪካው ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ማክሰኞ ቅዱስ ሳጥኑን ከፈተ። መጀመሪያ የፈለገው ሊጥ ነው። ዱቄት ባለበት ቦታ ውኃ ገብቶ ከሆነ ሊጥ ሆኖ ይደርቃል፤ ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን የኤድመንተኑ ሰው ሥራውን ሲጀምር ሳጥኑን በቫኪዩም ጠራርጎት ኖሮ ደረቅ ዱቄትም ሊጥም አላገኘም። ባትሪዋን በቴስተር ለካት፤ ሙሉ ናት። ሶኬቱን መልሶ ሰካው፤ ጠቅ አለና ያዘ። ጎተተው፤ አልወጣም። በሁለት ጣቱ አጥብቆ እስኪጎትተው ድረስ ንቅንቅ አላለም።

«ይህን ውኃ ያላቅቀዋል?» አለ ለራሱ።

ከዚያ ስቲከሩን አየ። በሩ ላይ የድሮዎቹ ስቲከሮች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ ሁሉም የጋሽ ተድላ ጽሕፈት ናቸው፤ ቁጥሮቹ በማስመሪያ የተጻፉ ይመስል ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። የመጨረሻው ግን ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ጥጉ ላይ ደግሞ ጥቁር የቅባት አሻራ አለበት፤ ትልቅ አውራ ጣት። ጋሽ ተድላ ሳጥን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና የሚታጠቡ ሰው ናቸው። ቅባት ከእጃቸው የማይጠፋው መካኒኩ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ከቅዱስ እናት ጋር በአንድ ጉባኤ የሚያመልኩ፣ እናትና ልጅ ካልጋሪ የገቡ ዕለት ከኤርፖርት የተቀበሏቸው ሰው ናቸው። ቅዱስ ሐሳቡን ቶሎ ከራሱ አባረረ። መካኒክ የኤሌክትሪክ ሳጥን እንዳይከፍት በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ የከፈተ በዚያው ዕለት ይባረራል። ጋሽ ወልዴ ይህን ያውቃሉ።

ሐሳቡ ግን ተመልሶ መጣ።

ጋሽ ተድላን ላይ ቤት ካለው ወርክሾፕ አገኛቸው። ፊውዝ በመጠን በመጠኑ እየለዩ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዓርብን አንዴ ይድገሙልኝ።»

«ስንተኛህ ነው?»

«ሦስተኛ።»

«በሦስተኛው ምን እንዲጨመርበት ነው? ስኳር?»

ቅዱስ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ስቲከሩን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ይጻፈው? ጳጳሱ?»

«ቅባት አለበት። የጣት አሻራ።»

ጋሽ ተድላ እጃቸው ላይ ያለውን ፊውዝ አገላብጠው አዩት። የቱ ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ የጠፋባቸው መሰሉ። «ስክሩድራይቨር አያያዝ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ አሻራ ቆጣሪ ሆነህ መጣህብኝ?»

«እኔ ያየሁትን ነው የምጠይቀው፣ ጋሼ።»

«እኔም ያልኩትን ብያለሁ። ሂድ፤ ወረቀትህን ጻፍ።»

ቅዱስ ደረጃውን ሲወርድ ሰኞ ጠዋት ትዝ አለው። መቆጣጠሪያው ባዶ ሆኖ የተገኘ ጊዜ ሁሉም እየሮጠ ሲወርድ ጋሽ ተድላ በጎን ዞረው፣ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ነበር የወረዱት። አንዱ ቀላጅ «ጋሽ ተድላ፣ ሊፍት ይታዘዝልዎ እንዴ?» ሲላቸው «ጉልበቴ ነው፤ እርጅና» ብለው ነበር። ለምን ትዝ እንዳለው ለራሱም አልገባውም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ከሥራ መልስ፣ ሰርክአዲስን በመኪናው ወደ ቤቷ፣ ወደ ራንድል ሰፈር፣ ሸኛት። ሜይ ገብቶ እርጥብ በረዶ ይጥላል፤ መኪናው መስታወት ላይ እየተለጠፈ ይሟሟል። እሷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ፊት ለፊት ታያለች። ቅዱስን በአሥራ አምስት ዓመት ያህል ትበልጠዋለች።

«እትዬ ሰርኬ፣ መብራቷን እንዳየሽ ለምን ለማንም አልተናገርሽም?»

«ለማን ልንገር? ቅዳሜ እናንተ የላችሁ፣ ዳረን የለ።»

«በወረቀትሽ ላይ መጻፍ ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር። ጥር ላይ ከአንዱ ሳጥን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝና ለጋሽ ተድላ ነገርኳቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? ‹አንቺ ወለልሽን እጠቢ›። በሰው ፊት። ከዚያ በኋላ የእነሱን ሳጥን አየሁ ብዬ ትንፍሽ አልልም ብዬ ነበር። ቢቃጠልም ይቃጠል!»

ቅዱስ መሪውን ጨበጥ አደረገ። ታዲያ ቂም ይዛለች ማለት ነው። ቂም የያዘ ሰው ያልበራ መብራት በርቶ ሊያይ ይችላል። ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር ሳታነበው አልቀረችም፤ ከት ብላ ሳቀች።

«ብቀላ ፈልጌ ቢሆን ኖሮ ቅዳሜውኑ ፎቶ አንስቼ ለዳረን አልክለት ነበር፣ አንተ ዳኛ! ለብቀላ እስኪጠይቁኝ እቀመጣለሁ? ያየሁትን መናገሬም የጠቀመው ራሱን ዳረንን ነው፤ ‹ቅዳሜ በርታ ነበር› ባልኩት ‹ስለዚህ ውኃሽ ነው› አለኝ።»

«ሳጥኑ አጠገብ አጥባችሁ ነበር?»

«ከሞተሩ ጊዜ ወዲህ እዚያ ጥግ ውኃ አይደርስም። በጨርቅ ነው። በገዛ እጄ ነው የምወለውለው፤ ልጆቹን እንኳ አላስጠጋም።»

ሰንሪጅን አልፈው ወደ እሷ መንገድ ታጠፉ። ቤቷ በር ላይ ሲያቆም ሰርክአዲስ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አወጣችና «ውይ፣ ውይ» እያለች ጉልበቷን ይዛ ቀረች።

«ምነው? አመመሽ?»

«ይቺ ጉልበት እስከ ዛሬ አለቀቀችኝም። ከጠዋት እስከ ማታ ስሰግድ ውዬ! ወጣት የሆንኩ መሰለኝ። ሰኞማ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ በጎን ነበር የምወርደው።»

ቅዱስ ሞተሩን አጠፋ።

«መቼ ነው የሰገድሽው?»

«ዓርብ ነዋ! ስቅለት እኮ ነበር። አንተ ደግሞ የጴንጤ ልጅ፣ የት ታውቀዋለህ። የእናንተ ፋሲካ ከፈረንጁ ጋር ካለፈ ወር አልፎታል።»

በጎን መውረድ። ሁለት እጅ መደገፊያው ላይ። ‹እርጅና› ያሉት ሰው ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያው ደረጃ ሃያ ኪሎ ኬብል ተሸክመው ሲወጡ አይቷቸዋል።

«እትዬ ሰርኬ፣ ጋሽ ተድላም ይሰግዳሉ?»

ሰርክአዲስ ሁለተኛውን እግሯን አወጣች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ዓርብ እዚያ አይተሻቸዋል?»

«ስማ ቅዱስ» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እኔ ፋብሪካ ውስጥ ያየሁት ቀይ መብራት ነው። እሱን እስኪበቃህ ጠይቀኝ። ቤተ ክርስቲያን ያየሁትን ግን አትጠይቀኝ። ሰው ሊሰግድ የሄደበትን ቀን ተሸክሜ ሄጄ ቢሮ አላራግፍም።»

«ሥራሽ ሊሄድ ነው እኮ! ወረቀትሽ—»

«አውቃለሁ። ደህና ዋል።» በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ቅዱስ በረዶው መስታወቱን እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ከሁለቱ ማን እንደሚዋሽ ሲያሰላ ነበር። አሁን የገረመው፣ ከሁለቱ አንዷ ራሷን የምታድንበትን ቃል አፏ ውስጥ ይዛ መዋሏ ነው።

የራሱ ቤት ኮርነርስቶን ሰፈር ነው፤ ወደዚያ አልሄደም። መኪናውን ወደ ፔንብሩክ ሜዶውስ፣ ወደ ጋሽ ተድላ ቤት አዞረ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል፤ ከፊቱ የጋሽ ወልዴ አሮጌ ቫን ቆሟል። ያንን ሲያይ የቀረችው ጥርጣሬም አበቃላት።

ሁለቱ ሰዎች ጋራዥ ውስጥ በተገለበጡ ሣጥኖች ላይ ትይዩ ተቀምጠዋል። የበረዶ መጥረጊያ ማሽን መካከላቸው ተፈታቶ ተዘርግቷል፤ የሚነካው ግን የለም። ጋሽ ወልዴ ቅዱስን ሲያዩ ብድግ አሉ።

«እግዚአብሔር ነው ያመጣው» አሉ።

«ተቀመጥ ወልዴ» አሉ ጋሽ ተድላ። «አንተ ሁሉን እግዚአብሔር ነው ያመጣው ትላለህ።»

ቅዱስ ሰላምታውን አሳጠረ። «ጋሼ፣ ዓርብ ፋብሪካ አልነበሩም።»

ጋሽ ተድላ ወደ ማሽኑ ጎንበስ ብለው አንድ ብሎን አነሱ። «ማን አለህ?»

«ጉልበትዎ።»

ጋሽ ወልዴ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ጋሽ ተድላም ብሎኗን መልሰው አስቀመጡ።

ነገሩ ከዚያ በኋላ ለመውጣት ጊዜ አልፈጀበትም። ስምንት ዓመት ሆኖታል። በስቅለት ዕለት ጋሽ ተድላ ቤተ ክርስቲያን ይውላሉ፤ ጋሽ ወልዴ የሁለቱንም የመግቢያ ካርድ በማሽኑ አስነክተው የሁለቱንም ሥራ ይዘው ይውላሉ። የጋሽ ወልዴ ጉባኤ ዓመታዊ ኮንፈረንስ ሲደርስ ደግሞ ተራው የጋሽ ተድላ ነው።

«በፈረንጆቹ ስቅለት ፋብሪካው ተዘግቶ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ በእኔ ስቅለት ሥራ ግባ እባላለሁ» አሉ ጋሽ ተድላ። «አንዴ ጠይቄ ነበር። ሰው የለም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩም።»

ስምንት ዓመት ምንም ሳይደርስ አለፈ። ዘንድሮ ግን ባትሪዋ መጣች። ጋሽ ተድላ ወረቀቱን ሐሙስ ማታ ከመውጣታቸው በፊት ፈረሙ፤ ቀኑን የዓርብ አደረጉት።

«ነግሮኝ ነበር፤ አልነገረኝም አልልም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «‹ፕሮግራሙ እንዳይሰረዝ ኃይሉን እንዳታጠፋ፤ አሮጌዋን ንቀል፤ አዲሷን ሰካ፤ ጠቅ ስትል ስማ፤ ቀይዋ ትጠፋለች።› እኔ መካኒክ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኃይል አጥፍቼ ቁልፍ ሳልቆልፍ እጄን የትም አስገብቼ አላውቅም። አሁን ኃይል ያለበት ውስጥ አስገባ ስባል ቶሎ ማውጣቱን ብቻ ነበር የማስበው። ጆሮዬ ላይ መከላከያ አለ፣ ማቡኪያው ያጓራል፤ ጠቅ ይበል አይበል በምን ልስማው? ሰካሁ፤ ቀይዋን እንኳ ልብ ሳልል፣ ሰው ሳያየኝ በሩን ዘጋሁ፤ ስቲከሩንም ጽፌ ለጠፍኩ። መስታወቷን ዱቄት ሸፍኗታል። ሦስት ጊዜ ደወልኩለት።»

«ስልኬን አጥፍቼ ነበር» አሉ ጋሽ ተድላ። «በስቅለት ስልክ ይዤ ልስገድ? ማታ ደወልኩለት። ‹እሺ፣ ሆነ?› አልኩት። ‹ገብታለች፤ ዘግቼዋለሁ› አለኝ። መብራቷ ጠፋች ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ቆሜ መናገር እንኳ አቅቶኝ ነበር። ገብታለች ካለ ገብታለች ብዬ ተኛሁ።»

ቅዱስ ከሁለት ቀን በፊት ቢሆን ይቆጣ ነበር። አሁን ንዴቱ የት እንዳለ ፈልጎ አጣው።

«እኔ ልናገር ብዬው ነበር» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ሰኞ ዕለት። እሱ ነው ያስቆመኝ።»

«ጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶት ሳጥን ከፈትኩ ትላለህ?» አሉ ጋሽ ተድላ። ከዚያ ወደ ቅዱስ ዞሩ። «ነገ እኔ እናገራለሁ። ባትሪዋን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ግን አጥብቄ አልሰካሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ። ማስጠንቀቂያ ይጽፉብኛል፤ ይጻፉ። ሰርክአዲስ ነፃ ትወጣለች፤ ወልዴም አይነካም። አንተም እንደዚያው ጻፍ።»

ለመስማት ደህና ነበር። ቅዱስ አሰበበት፤ ማንም አይባረርም። ግን ስሙን ከሥሩ የሚያስቀምጥበት ወረቀት ሊሆን ነው፤ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ደግሞ ያልሠሩትን በመፈረም ነው።

«እኔ ሐሰት መሆኑን የማውቀውን አልጽፍም፣ ጋሼ» አለ። «እርስዎን ቀድሜም አልናገርም። ነገ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ። ወረቀቴን ባዶውን ይዤ እመጣለሁ።»

ሊወጣ ሲል ቆመ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ሰርክአዲስ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን አይታዎታለች።»

ጋሽ ተድላ ቀና አሉ። «ለዳረን ነግራዋለች?»

«ለማንም። ለእኔም አልነገረችኝም። አትጠይቀኝ ነው ያለችኝ።»

ጋሽ ተድላ ያችን ብሎን ደግመው አነሱ። ጥር ላይ በሰው ፊት ያሏት ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ አራቱ ዳረን ቢሮ ተቀመጡ። ቢሮው ከማቡኪያዎቹ በላይ ነው፤ በሰፊው መስታወት ታች ያለው ሁሉ ይታያል። ጋሽ ወልዴ ከሁለተኛው ማቡኪያ ሥር ጆሮ መከላከያቸውን አድርገው ሰንሰለት ይቀባሉ፤ በየጥቂቱ ቀና እያሉ ወደ ላይ ያያሉ። ሰርክአዲስ የሥራ ልብሷን ቀይራ፣ ለኢሚግሬሽን ቀጠሮ የምትለብሰውን ጥቁር ኮት ለብሳለች። ቅዱስ ወረቀቱን በአፉ ደፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል።

ጋሽ ተድላ እንዳሉት አደረጉ። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሶኬቱን አጥብቄ አልሰካሁትም፤ ይህች ሴት ምንም አላጠፋችም አሉ።

ዳረን እስኪጨርሱ ሰማቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ አለና ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም።

«ተድላ፣ እኔ አንተን ስንት ዓመቴ ነው የማውቅህ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሽቦ ላልቶብህ አያውቅም። ሰኞ ዕለት ‹መብራቷ ስትጠፋ አይቻለሁ› ብለህ ጽፈህ ፈርመሃል። ዛሬ ደግሞ አልሰካሁም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄዱት፣ አይደል? ጥሩ ሰው ነህ። ግን ለእሷ ብለህ ራስህን አታጋልጥ።»

የጋሽ ተድላ መልካም ስም ሰርክአዲስ ላይ ሊፈርድባት መሆኑን ቅዱስ አየ፤ እሳቸውም አዩት።

ዳረን ወደ ሰርክአዲስ ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። «አንቺስ? የምትጨምሪው ነገር አለ? አሁን ነው ጊዜው። ከዚህ በኋላ ለኩባንያሽ እደውላለሁ።»

ሰርክአዲስ ጋሽ ተድላን አየቻቸው። ዓይኗን ወዲያው መለሰችና የኮቷን ቁልፍ በጣቷ ያዘች። አንዲት ቃል ትበቃት ነበር።

«የለኝም» አለች። «መብራቷ በርታ ነበር። ውኃ አላስነካንም። ይኸው ነው።»

ዳረን እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። ቅዱስ ወረቀቱን ገለበጠና ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ። ጋሽ ተድላ ግን ትልቅ መዳፋቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

«ቆይ ልጄ፤ እኔው ልበለው» አሉት በአማርኛ። ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እንደያዛቸው፣ ብድግ አሉ። በመስታወቱ ወደ ታች አዩ፤ ጋሽ ወልዴም ሥራቸውን አቁመው ሽቅብ ያዩ ነበር። ጋሽ ተድላ በእጃቸው ና ብለው ጠሯቸው፤ ከዚያም ወደ ዳረን ዞሩ።

«ስልኩን አስቀምጠው» አሉ። «ዓርብ እዚህ አልነበርኩም፤ ያልሠራሁትን ነው የፈረምኩት። ወልዴ ደረጃውን ወጥቶ እስኪመጣ ጠብቅ፤ ሁለታችንም ከመጀመሪያው ጀምረን እንነግርሃለን።»